ሦስት ዐይን

ማርጊላን፣ ከቦዩ ማዶ፣ ውርጭ አጥንት ሳይሰብር፣
እንደ ሰው አይቀርም እንጂ፣ ወይን እንደ ሰው ነው የሚቀበር።
ከዳሱ ያወርዱታል፣ ክንዱን አጥፈው ለጉድጓድ፤
ሸምበቆ ያለብሱታል፣ አፈር ይከምሩበታል፤
ከዚያ በኋላ በረዶው ይውረድ።

አርባ ዓመት በኅዳር ቆፋሪው ቱርሱንባይ ነበር፤
ኦይኒሳ ግንዱን ደግፋ "ቀስ፣ ይሰበራል!" ስትል፣
እሱ እንዳልሰማ ሲቆፍር።

መጋቢት ወይኑ ሲወጣ ጠባቸው አብሮ ይወጣል።
"ሦስት ዐይን!" ይላል ቱርሱንባይ መቀሱን እያንቀጫቀጨ፣
"በአንድ ቅርንጫፍ ሦስት ዐይን፤ የቀረው ሌባ ነው፣ ይቆረጣል።"
"አምስት ተው" ትላለች እሷ፣ "አንተ ሰው፣ እጅህ ጨከነ፤
ይኸው ያልተወለደው ዘለላ በመቀስህ መከነ።"
እሱ ይገርዛል። እሷ ከመሬት እየለቀመች ትቆጥራለች።
የተቆረጠው ጫፍ ያነባል፣ ጠብ… ጠብ…
"አየህ?" ትለዋለች፣ ጀርባዋን ሰጥታው እየገባች።

ቱርሱን ማለት በአገሩ ቋንቋ "ይቆይ" ማለት ነው።
አልቆየም።

በዚያ ኅዳር፣ በአንድ ሳምንት፣ አፈር ሁለቴ ተቆፈረ።
አንዱን ጉድጓድ የሰፈር ወንዶች ማሱት፤
ሌላውን ያስታወሰ የለም፤ ወይኑ ዳሱ ላይ ቀረ።
ቤቱ ሐዘንተኛ ሞልቶ፣ ሻይ ሲቀዳ፣ ሻይ ሲደገም፣
በመስኮቱ ስንጥቅ በኩል የበረዶ ሽታ መጣባት፤
ተነሣች። ምራቷ "በዚህ ሌሊት ወዴት?" ብትል፣
"የሚቀበር አለ" አለቻት።
በባልዋ አካፋ፣ በባልዋ ጓንት፣
ግንዱን ብቻዋን አቀፈችው፤ ከበዳት፤
ሸምበቆ በጨለማ ቢጠፋት፣
የሟቹን ካፖርት ደረበችለት።

(በእኔ ቋንቋ ብታለቅስ አንድ ቃል ይበቃት ነበር፤
"ወይኔ!" ብላ ሁለቱንም በአንድ ትንፋሽ ልትቀብር።)

መጋቢት መጣ። ጎረቤቱ ሁሉ ወይኑን ገለጠ፤
ኦይኒሳ ግን አካፋ ተደግፋ ቆማ ዋለች፤
"አንዱን መቃብር ከፍቼ፣ አንዱን ልተወው?" አለች።
ሰባት ቀን ዘገየች። በስምንተኛው ቆፈረች።
ካፖርቱ በስብሷል።
ግንዱ ከሰል መስሏል።
በአውራ ጣት ጥፍሯ ልጡን ጫር ብታደርገው፣
አረንጓዴ።
እዚያው ጭቃው ላይ ተቀመጠች።

ከዚያ መቀሱን አነሣች። የሚቆጣት የለ አሁን፤
አምስት ዐይን ተወች፣ አንዳንዱ ላይ ስድስት፤
በሸሚዙ እራፊ አሰረችው፣ በዚያ ባለ መስመሩ፣ ለዒድ በሚለብሰው።
ወይኑም አበደ! አጥር ዘለለ፣ የመብራት ሽቦ ጨበጠ፤
አላፊ አግዳሚው አንጋጠጠ፤
መቶ ዘለላ… መቶ ሃያ… ቆጣሪው ደከመው።

ነሐሴ ላይ ቀመሰችው።
የሙሽራ ጣት ያክል የነበረው ፍሬ ከሽንብራ አላለፈ፤
ጎምዛዛ። ተርብ እንኳ አሽትቶት አለፈ።

ዳሱ ሥር ብቻዋን ሳቀች፣ ጎኗን እስኪወጋት ድረስ፤
"አንተ ሽማግሌ! ሞተህም ረታኸኝ?"
አንድ ዘለላ ቆርጣ፣ በአቧራው መንገድ እስከ መቃብሩ፤
"እንካ ቅመስ፤ ያንተም ጥርስ ይጥረስ።"
ለተረፈው ማሰሮ አጥባ ኮምጣጤ ጣለችው።

ኅዳር ላይ ቀበረችው። መጋቢት ላይ አወጣችው።
አንድ ዐይን። ሁለት። ሦስት።
መቀሱ አፉን ከፍቶ ቆየ።
ወደ በሩ አየች፣ ወደ አጥሩ አየች፤ ሰው የለም።
አራት።