የሰልዋ ቀሚስ

ሃይፋ፣ ዋዲ ኒስናስ፣ የሚትሪ ሥጋ ቤት፣
ከማለዳ ጀምሮ ሰው ተሰልፎበት፣
ቢላ ስስል ዋልኩኝ፣ ክንዴ እስኪዝል ድረስ፤
ነገ ጾም ሊገባ፣ ዛሬ ማን ሊታገሥ!
«ከጭኑ አንድ ኪሎ!» «ጎድን ለኔ ቁረጥ!»
«ጉበቱን አስቀርልኝ፣ ለሌላ እንዳትሸጥ!»

ሚትሪ ሞራውን እየገፈፈ
ወሬውን እንደ ሥጋው በቢላው ከተፈ፦
«ይህ ቀን በኛ ቋንቋ መርፋዕ ነው፣ ማንሣት፤
ሥጋ ከገበታ የሚነሣበት።
እናንተስ ማን አላችሁት?»
«ቅበላ» ብዬው፣ «መቀበል» ብዬ ስፈታለት
ከት ከት አለና፣
«እንግዲያ ተግባባን፤ እኔ ላንሣ፣ አንተ ተቀበል» ብሎ
ትልቅ የጎድን ሙዳ ሰጠኝ፣ በወረቀት ጠቅልሎ።

ሲመሽ ሰፈሩ ሌላ ሰፈር ሆነ።
ልጁ ሁሉ ፊቱን በዱቄት ሸፈነ፤
የከሰል ጢም ያላት የስድስት ዓመት ሴት
ካለ ከረሜላ አላሳልፍ አለች፣ ቆማ ከደረጃው ፊት።
ዳቦ ጋጋሪው ጂርየስ ትራስ ሆዱ ላይ አሥሮ
ዳኛ ሆኗል፣ ወንበሩን መንገድ ላይ ገትሮ፤
በሥጋ ሌብነት ተከሳ የቀረበችውን ድመት
«እስከ ፋሲካ ጹሚ» ብሎ ፈረደባት።
ድመቷ ይግባኝ አላለችም፤
ጅራቷን አቁማ ሄደች።

ያኔ ሚትሪ ወጣ።

አረንጓዴ ቀሚስ፣ ነጭ ጠቃጠቆ፣
ጸጉራም ክንዱ በጠባብ እጅጌ ታንቆ።
ሰልዋ ነበረች በየዓመቱ ከንፈሩን የምትቀባለት፣
አልዘጋ ያለውን ጀርባ በመርፌ ቁልፍ የምትይዝለት።
ኅዳር ላይ ቀበርናት።
ዘንድሮ ብቻውን ለብሶ፣ ብቻውን ተቀብቶ፣
ቀለሙ ከከንፈሩ አልፎ፣ ጀርባው ተከፍቶ
ወጣ።
መንገዱ ሳቀ። ምን ያድርግ፣ ቀኑ የሳቅ ነው።
ሚትሪም ሳቀ፤ ከማንም ይልቅ የሳቀው እርሱ ነው።
ኡም ሩሽዲ ብቻ በከበሮው መሃል አልፋ፣
ከሻርፗ መርፌ ቁልፍ ነቅላ፣ ያንን ክፍት ጀርባ
ያዘችለት፣ ቃል ሳይወጣት ከአፏ።
ከዚያ ጨፈረ፣
አንድ እጁን ወደ ላይ፣ ሌላውን አየር ላይ አሳርፎ፣
የሆነ ሰው ትከሻ
እዚያ ያለ ይመስል።

ሰኞ። የሥጋውን ሜንጦ በፈላ ውኃ አጠብኩት፣
እናቴ ለሁዳዴ ድስቷን በአመድ እንደምትፈትጋት፣
ሽታው እንኳ እንዳይቀር።
ሚትሪ አይብ ቆርሶ መጣ፤ «ለኛ ገና አንድ ሳምንት አለው።»
«ለኔ ትናንት አበቃ» አልኩት።
«ጨካኝ ጾም ነው ያላችሁ» አለና ቆሞ ብቻውን በላው።

ባልዲው ውስጥ አረንጓዴው ቀሚስ ተዘፍዝፏል፤
የከንፈር ቀለሙ ውኃውን ሮዝ አድርጎታል።
«እኔስ አነሣሁ» አለ፣ ፊቱን ወደኔ ሳይመልስ፣
«አንተ ግን ምኑን ነው የምትቀበለው?»
መልስ አልነበረኝም። እጄን ዘረጋሁ።
የእርጥቡን ቀሚስ አንድ ጫፍ ሰጠኝ።
እርሱ ወደ ግራ፣ እኔ ወደ ቀኝ
ጠመዘዝነው።