የከንፈር ቋንቋ

ከሰዓቱ ግርጌ፣ ከበሩ በግራ፣
እንዲህ ይላል ጽሑፍ፦ «በፈረቃ ሥራ
ፖለቲካ ማውራት የተከለከለ።»
ማኅተሙ ደብዝዟል፤ አራት ሚስማር አለ።

ማንስ ሊሰማ ነው? እዚህ ሽመና ቤት
መቶ ሃያ ማሽን ሲጮኽ ባንድነት፣
እንኳን ፖለቲካ፣ የገዛ ሳሌንም
ደረቴ ቢያውቀው እንጂ ጆሮዬ አይሰማም።

እናም በዓይን መደማመጥ ለመድን።
ሙሚና፣ የመጋላዋ፣ ከድሩ ማዶ ቆማ፣
ከንፈሯ ከሾለ — ኑሮ፤
ገጥሞ ከፈነዳ — ምርጫ፤
ጥርሷ ብቻ ከታየ ስለ ሹም የሚወራ ቀልድ ነው፣
ያኔ እስቃለሁ፣ ክር ይበጠስብኛል።

ኢብሳ ብቻ አይወድም። መካኒክ ነው፣
እጁ በግራሶ የጠቆረ። ምሳ ሰዓት ላይ፦
«ሳቢያን፣ ባንድ ግቢ፣ ከወንድሜ ጋራ፣
በዚሁ ወሬ ሰበብ ሰላምታ ስንፈራ
ሁለት ዓመት ሆነን። ብሎን ግን ሲጠብቅ
የማን ወገን ነህ ብሎ እጅን አይጠይቅ።»
መልስ አጣሁለት። ምሳዬን በላሁ።

ሰኔ ላይ፣ ዘጠኝ ሰዓት፣ ቆርቆሮው ሲግል፣
መብራት ሄደ።
መቶ ሃያ ማሽን ባንድ ትንፋሽ ሞተ፤
ሙሚና የጀመረችው ቃል ግን
ፍሬን መያዝ አቅቶት ብቻውን ወጣ፦
«...አልመርጣቸውም!»

ለካ ስታወራ እየጮኸች ኖሯል።
ሰባት ዓመት ፊት ለፊቷ ቆሜ
ድምፅዋን ያን ዕለት ሰማሁት፦ ጎርናና ነው።
የጥጥ ብናኝ ሲወርድ ይሰማ ነበር።
ከኋላዋ የፈረቃው አለቃ፣ አቶ ልሳነወርቅ።

ቬንትሌተሩም ቆሟልና ላቡ ይንቆረቆራል።
ወደ በሩ ሄደ፣ ማስታወቂያውን ነቀለ፣
በካርቶኑ ፊቱን እያራገበ ተመለሰና
ቀስ ብሎ «እነማንን?» አለ።

መልሷ ሳይወጣ መብራት መጣ።
ማሽኑ ሁሉ ጮኸ። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፤
እኛ አየን። እሱም ዓይኑን አልነቀለም፤
ያኔ ነው ትዝ ያለኝ፣ አለቃ ከመሆኑ በፊት
ማሽን ቁጥር አርባ ላይ
ዐሥራ ስምንት ዓመት መቆሙ።

ማስታወቂያው ቦታው ተመልሷል፣ በሦስት ሚስማር።
ደመወዝ እስኪወጣ ቀን እንቆጥራለን፣
ይቆረጥባት ይሆን፣ አይቆረጥባት።
ሙሚና ዛሬም ታወራለች፣ ድምፅ ሳታወጣ።
ኢብሳ የዘይት ጣሳውን ይዞ ጎንበስ ብሎ ሲያልፍ
«ብያችሁ ነበር» አለን —
በከንፈሩ።