ጣራህን አሳየኝ

ሠላሳ ሁለት ቀርቷል፤ ደብዳቤው ይህን ይላል፤
ሌላው የኢንተርኔት አድራሻ ተሸንሽኖ አልቋል።
መሐል ሜዳ ነው ቢሮዬ፣ ብርዱ ጣት ይቆርጣል፣
ማሞቂያዬ ሰርቨሩ ነው፣ ሲመሽ ያንኮራፋል።

መመሪያው ሁለት መስመር ነው፦ ቀድሞ የመጣ ይቅደም፣
ያስፈለገው ያስረዳ። ሌላ ቃል የለበትም።
ማን ለመቅደም መኪና እንዳለው ግን አይጠይቅም።

የባና ፋብሪካው ሃያ ቁጥር ጠይቋል፣
«ወደፊት ስንሰፋ» ብሎ ማኅተም መትቷል።
ጤና ጣቢያው አንድ ብቻ፣ በብጫቂ ወረቀት፣
የሳንባ ፎቶ ልኮ ሐኪም የሚያይበት።
አቶ ሽዋንግዛው ደግሞ፣ የሆቴሉ ጌታ፣
ስልሳ አራት ወስዶ ነበር፣ ያኔ ሲታደል በስጦታ፤
ዛሬም ስምንት ይጨመርልኝ ይላል፣ በፈገግታ።

የሞላሌው መምህር ይፍቱስራ በአይሱዙ መጣ።
ካፖርቱን አራገፈ፤ ድምፁ ቀስ ብሎ ወጣ፦
«ሁለት መቶ ሰዎች ነን፣ በአንድ ቁጥር የምንወጣ።
ለፈተና ሊመዘገቡ ልጆቹ ሲሞክሩ፣
ማዶ ያለው ማሽን ደነገጠ፣ ተጠረቀመ በሩ።
‹አንድ ሰው ነህ› ይለናል፣ ‹ሁለት መቶ ጊዜ መጣህ፤
ሌባ ሳትሆን አትቀርም፣ ዘወር በል ከደጄ፣ በቃህ›።
እኅቴ፣ አንድ ሰው ነን ወይ?»
መልስ ጠፋኝ። አንጋጠጥኩ፣ ወደ ቆርቆሮው ላይ።

አባቴ የጓሳ ሣር ዳኛ ነበር፤ አባ ቄራ ይሉታል።
ጓሳ ለዓመታት ይዘጋል፣ አንድ ሰሞን ይከፈታል፣
ማጭድ ሁሉ በአንድ ንጋት ይወርዳል።
ዐሥር በቅሎ የነዳ «ዐሥር ጭነት ይገባኛል» ሲለው
ክርክር አይወድም አባቴ፣ «ና እንሂድ» ነው የሚለው፤
«ጣራህን አሳየኝ።»
ደጁ ድረስ ሄዶ፣ አንገቱን አቅንቶ፣
ሰማይ የሚያሳየውን ቀዳዳ በስንዝር ለክቶ፣
ለቀዳዳው ልክ ይፈርዳል፣ ለበቅሎው ልክ አይደለም።
«ጓሳ ለጣራ ነው እንጂ ለጎተራ አይታጨድም።»
የእኛ ቤት ግን ያፈስ ነበር።
እናቴ እስከ ዛሬ ይቅር አላለችውም።

ሆቴሉ ሄድኩ በማግስቱ፣ ላፕቶፔን አንጠልጥዬ፣
ስልሳ አራቱን በየተራ ጠራኋቸው፣ «አላችሁ?» ብዬ።
አራቱ «አለን» አሉ። ስልሳው ዝም፣ ጭጭ።
«ይሸጣል አሉኝ» አለ፣ «በዶላር ነው፣ ውጭ።»
«ርስት አይደለም» አልኩት፣ «አይወረስም ይህ ቁጥር፤
ስትሠራበት ያንተ ነው፣ ጦም ስታሳድረው የአገር።»
እንዴት ደስ ብሎኝ ነበር አፌ እንዲያ ሲናገር!

ማታ የራሴን መዝገብ ገለጥኩ፦
ዐሥራ ሁለት ቁጥሮች፣ በገዛ እጄ ጽሑፍ፣
«ለክፉ ቀን» ተብለው፣ ሰባት ዓመት ሲያልፍ
አንድ መብራት ያልበራባቸው።
ክፉ ቀንማ መጥቶ ነበር፤
ካፖርቱን አራግፎ ፊቴ ቆሞ ነበር፣
እኔ ቆርቆሮ ስቆጥር።

አዲስ ረጅም ቁጥር አለ፣ እንደ አሸዋ የማያልቅ፣
ይላሉ የደብረ ብርሃን ልጆች። እውነት ነው፤ ግን
የጤና ጣቢያው አሮጌ ማሽን ቋንቋውን አያውቅ።

አንዱን ለጤና ጣቢያው፣ ለሞላሌ ስምንት ሰጠሁ፤
ለፋብሪካው «መጥቼ ማሽኖቻችሁን ልቁጠር» ብዬ ጻፍሁ።
ሽዋንግዛው ከሶኛል፤ ሐሙስ ዞን እቀርባለሁ።
«አንቺስ?» ማለታቸው አይቀርም፣ አውቃለሁ።
መዝገቡን ይዤ እሄዳለሁ።
ያን ገጽ አልቀደድኩትም።