የተረፈው ቡሎን

ነፋሱ ከምዕራብ መጥቶ ሦስት ቀን ሰንብቷል፣
የመጋዘኑን ቆርቆሮ ሊነቅል ታግሏል፤
ኤልቪዮ ሚስማር ሊመታ ጣራው ላይ ወጥቷል።
እኔ እታች በርጩማዬ ላይ፣ እሷ በእንጨት ሣጥን፣
የኋላ ጎማዋ ተንጠልጥሎ፣ ዘይቷ ጠብ ጠብ ሲል በሣህን።

«ለአስፋልቱም ለጥርጊያውም» ብለው ነበር የሸጡልኝ።
አስፋልቱን በዕድሜዬ ስንቴ አገኘሁት?
የፓታጎኒያ መንገድ ኮረት ነው፣
ከኮረቱ ቀጥሎ ሌላ ኮረት ነው፣
አልፎ አልፎ አጥር የሚዘል ጓናኮ ነው።

ሃያ ስድስት ዓመት በእሷ ጀርባ አዋልጃለሁ፣
የክትባት ሣጥኔን ከኋላዬ አስሬ።
አንድ ፒስተን፣ አንድ ልብ፣
መጠባበቂያ የሌላት፤
እንደ እኔው።

«አክስቴ፣ ለቆራሌው ሽጫት» ይላል ልጁ ከላይ፣
ሚስማር በጥርሱ ነክሶ።
እንዳልሰማ ሆንኩ። ነፋስ መቼስ ለዚህ ይጠቅማል።

ሰኞ ካንዴላዋን ፈታሁ፤ ጥላሸት ለብሳለች።
በሽቦ ብሩሽ ፈትጌ ከብረት ባስጠጋት ሰማያዊ ብልጭ አለች።
ማክሰኞ ካርቡራተሩን፤ ጂግለሩን ወደ መስኮቱ አነሣሁ፣
በቀዳዳው አሻግሬ የብርሃን ነጥብ አየሁ።
ንጹሕ ነው። መልሼ ገጠምኩ።
ረቡዕ አዲስ ዘይት፣ ከዚያ የቫልቭ ረጂስትሮ።
ፒስተኑን ጫፍ አድርሼ፣
መነጽሬን ወደ አፍንጫዬ መልሼ፣
ከፀጉር ጥቂት የሚወፍር የብረት ቅጠል አስገብቼ
ዳዶውን ቀስ፣ በጣም ቀስ፤
ገና የተወለደ ልጅ ጣት ይዞ እንደማይለቅ
ያዝ ሲያደርገኝ አቆምኩ።
ይህን መጽሐፍ አያስተምርም፤ እጅ ነው የሚያውቅ።

ከዚያ ረገጥኩ።
ረገጥኩ።
መርገጫዋ ተመልሳ ቅልጥሜን ገጨችው፤
ያልኩትን ቃል ቄሱ ባይሰሙት ይሻላል።

ዶን ኤቫሪስቶ ከአጥሩ ወዲያ፣ እጁን ከካፖርቱ ሳያወጣ፣
«ሳል አለባት» አለ። «አየር ያጥራታል።
ሐኪሟ አንቺ ነሽ እንጂ፣ እኔ በግ አርቢ ነኝ።»
ብሎኝ ሄደ።

አየር።

ከመቀመጫዋ ሥር የአየር ማጣሪያውን ቤት ከፈትኩ።
የበግ ፀጉር፣ የደረቀ ሣር፣ የተተለተለ ወረቀት፣
በመካከሉ አምስት ቀያይ የአይጥ ግልገሎች፣
ዓይናቸው ያልተገለጠ፣ ከአውራ ጣቴ ጥፍር የማይበልጡ።
ወረቀቱን አወቅሁት። የእጄ ጽሑፍ ነው፣
ከመሣሪያ ከረጢቱ የጠፋው የመዝገቤ ቅጠል፦
«የቶርኩዋቶ ሴት ልጅ። ሁለተኛ መርፌ። ትኩሳት አልታ—»
ከዚያ ወዲያ ጥርስ ነው።

ስንቱን ደረት በማዳመጫ ሳደምጥ ኖሬ፣
የስንቱን አራስ አፍንጫ በጣቴ ጠርጌ፣
አፍንጫዋ ለታፈነ ልቧን ሦስት ቀን ፈታታሁ!

ጎጆውን እንዳለ አነሣሁት፣ በሁለት እጅ፣ እንደ ልማዴ፤
በአሮጌው የክትባት ሣጥን አኖርኩት፣
ክዳኑን ገርበብ አድርጌ።
እናትየዋ ትመጣለች፤ ሽታዬን እንደሆነ በልታዋለች።

ቤንዚኗን ከፈትኩ።
አንዴ። ሁለቴ። በሦስተኛው
ዱ… ዱ… ዱ… ዱ፣
እንደ ወትሮዋ፣ አንዱን ምት ከሌላው ነጥላ የምትቆጥር፣
ነገር የማትቸኩል አሮጊት።
ጣራው ላይ መዶሻው ቆመ።
«ምነው፣ ቆራሌው መጣ እንዴ?» አልኩት ወደ ላይ።

ጓንቴን ሳነሣ ከሥሩ አየሁት፤
አንድ ቡሎን፣ በአሥር ቁልፍ የሚፈታ፣ ከነሮንዴላው፣
ከየት እንደወጣ የማላውቀው።
እሱን አየሁ። እሷን አየሁ።
አልተንቀጠቀጠች፤ የጎደላት ነገር አይሰማም።
ኪሴ ከተትኩት።
የቶርኩዋቶ ልጅ ዛሬ ራሷ እናት ናት፤
ቤቷ ሰማንያ ኪሎ ሜትር ነው፣ ኮረት በኮረት።
እዚያ የደረስኩ እንደሆነ
ትርፍ ነበር ማለት ነው።