ይግባኝ

የመዝገቤ ቁጥር መዳፌ ላይ ነው፣
በእስክሪብቶ ጽፌው፣ ላብ እያጠበው።
ልደታ ፍርድ ቤት፣ ከመስኮቱ ግርጌ፣
የአራት ዓመት ወረቀት በፌስታል አድርጌ፣
አምስቱን ጠራሁና ስድስተኛው ጠፋኝ፣
ከኋላዬ ያለው በክርኑ ገፋኝ።

ልጅቷ ግን አገኘችው። ማተሚያው አጓራ፤
አራቱን ዓመቴን ባንድ ገጽ፣ በተራ፦

«ይግባኙ ተከፍቷል። ግልባጭ ተያይዟል።
ለምርመራ ለጥር ስምንት ተቀጥሯል።
ተመርምሮ ስላላለቀ፣ ለየካቲት ሃያ።
ዳኛ ስላልተሟላ፣ ለሚያዝያ።
ያስቀርባል። ለመልስ ሰጭ መጥሪያ ይድረስ።
የመልስ መልስ ካለ፣ እስከ ሰኔ ሦስት ድረስ…»

እዚህ ጋ ዓይኔ ደከመ።
እኔ ይግባኝ ባይ ነኝ፤
የሚገባኝ የለም።

ከኮንዶሚኒየሙ ሥር፣ ማመልከቻ ሲጽፍ የኖረ፣
ጋሽ ምናሴ፣ መነጽሩን በጫማ ክር ያሰረ፣
ወረቀቱን ተቀብሎ ከላይ ጀመረ።

«ያስቀርባል ማለት፣ ችሎቱ ጆሮ ሰጠሽ፤
ይግባኝሽ ከደጅ አልተመለሰም፤ ገባሽ?»
«እኛ ቤት የሚቀርበው ወጥ ነው» ብዬ ሳቅሁ።
እሱ አልሳቀም።
«የሥር ፍርድ ቤት፣ ያ መጀመሪያ የፈረደብሽ።
ግራ ቀኙ ደግሞ፣ አንቺና ወንድምሽ።»

ይቺን እንኳ አውቃታለሁ።
ተክለሃይማኖት፣ በዚያችው በምንካሰስባት ክፍል
ባንድ አልጋ ተኝተን፣ አንድ ብርድ ልብስ ስንካፈል፣
ኅሩይ በግራ ነበር፣ በግድግዳው ጥግ፣ እኔ በቀኝ።
ሌሊቱን እሱ ይጎትታል፣ እኔ እጎትታለሁ፣
ብርድ ልብሱን ጠዋት መሬት አገኘዋለሁ።

የጋሽ ምናሴ ጣት መጨረሻው መስመር ላይ ቆየ።
አንዴ እኔን፣ አንዴ መንገዱን አየ።
«የሥር ፍርድ ቤት ውሳኔ ጸንቷል፣ ይላል።»

አባታችን ጥቁር አንበሳ የተኛ ጊዜ
«ሕመሙ ጸንቷል» ብለው ነበር የጠሩን፤
እኔና ኅሩይን፣ ሁለታችንን።
ሌላ ትርጉም አልጠየቅሁም።

«ወጪና ኪሳራ ይቻቻሉ፣ የሚለውስ?»
«የየራሳችሁን ቻሉ ነው። ማንም ለማን አይከፍልም።»
ሃያ ብሬን ዘረጋሁለት። አልተቀበለኝም።

«መዝገቡ ተዘግቷል። ወደ መዝገብ ቤት ተመልሷል።»
መዝገቡስ ቤት አለው።

ሜክሲኮ ድረስ በእግሬ ሄድሁ። ታክሲ ውስጥ ገብቼ
ወረቀቱን አጠፍሁት፣ እንደ ደብዳቤ፣
«ይቻቻሉ» የምትለዋን ወደ ላይ አውጥቼ።
የጋሽ ምናሴ ፍቺ አልጠፋኝም። ግን ቃሏ ቃል ናት።

የኅሩይን ስልክ ከሞባይሌ ካጠፋሁት ሦስት ዓመት።
ድሮ በቃሌ ነበር።
ጣቴን ይዤ ቆጠርሁ፦ ስምንቱን አስታወስሁ፣
ሁለቱ ጠፉኝ።