የዛጎል ድምፅ

ከሌሊቱ ዘጠኝ ተኩል፤ በሺንጂ ሐይቅ ላይ ጉም ተኝቷል፤
እኔ ግን አልተኛሁም፤ ስክሪኔ አረንጓዴ ለብሷል።
ሁለት መቶ አሥራ ስድስት ቴስት፣ ሁሉም "አለፍኩ" የሚል፤
ደንበኛው ደግሞ ከኦሳካ፣ "ባዶ ፎልደር ደረሰኝ" ሲል።

ማንን ልመን?

አንዱን ከፈትኩት። ኩኒታካ ነው የጻፈው፣ ሥራ ሳይለቅ በፊት፤
ንጹሕ የሩቢ አጻጻፍ፣ አሥራ አንድ መስመር ያለበት።
መካከሉ ላይ ግን ሩቢ ከገዛ ቤቷ ትወጣለች፤
በሁለት ዘመም ባሉ ጭረቶች መሀል ትእዛዝ ታኖራለች፤
ልጅ ትወልድና "ሂድ፣ ገንባ!" ብላ ትልካለች።

ልጁ ይሄዳል።
ውጭ ያለው ዓለም እንደ ቤት አይደለም፦
መንገዱ ተቀይሯል፣ ኮምፓይለሩ የለም፤
ይጮኻል፤ ጆሮ እንዲሰጠው ማንም አልተመደበም።
ኩኒታካ የስህተቱን ቱቦ ወደማይሞላ ጉድጓድ አዙሮታል፤
ልጁ "አንድ መቶ ሃያ ሰባት" ብሎ ደጅ ላይ ወድቋል፤
እናት ዝምታውን አይታ "ደህና ነው" ብላ አሳልፋዋለች።

ዝምታ ወርቅ ነው ያለ ሰው ኮድ ጽፎ አያውቅም።

ሲነጋ ወደ ወደቡ ወረድኩ። ጉሙ ገና አልተገፈፈም።
እናቴ ሃማዬ የጎማ ጓንቷን አጥልቃ
የሐይቅ ዛጎል ትለቅማለች፣ ጥቁር፣ የአውራ ጣት ጥፍር የሚያህል፤
ሁለት ሁለቱን ታጋጫለች፦
ቀጭ። ቀጭ። ቀጭ። ዱፍ።
አራተኛውን ባልዲ ውስጥ ወረወረችው።
"ምን ሆነ? አፉ ገጥሟል፣ እንደ ሌሎቹ ነው።"
"ገጥሟል። ውስጡ ጭቃ ነው።"
"በምን ዐወቅሽ?"
"አንኳኳሁና መልሱን ሰማሁ" አለች፣ ቀና ሳትል፤
"ሠላሳ ዓመት ሙሉ ዓይኔን አላመንኩትም፤ ዓይን ይሸነገላል።"

የእኛም ማሽን ዛጎል አለው፣ ትእዛዝ የሚገባው በበሩ፤
ስሙን ስጠራው ኖሬ ዛሬ ገና ገባኝ ነገሩ።

ተመልሼ አንዲት መስመር ጨመርኩ፦
ልጅሽ ሲመለስ ዝም አትበይው፣
"በስንት ወጣህ?" ብለሽ ጠይቂው።
በዜሮ ከወጣ ሰላም ነው፤ በዚህ አገር ባዶ እጅ ጤና ነው፤
ሌላ ቁጥር ይዞ ከመጣ፣ የያዘው ሕመሙን ነው።

አስኬድኩት።
አርባ ሦስቱ ቀሉ።

አለቃችን ኩዋታ፣ ጃንጥላው ገና እያንጠባጠበ፣
ከኋላዬ ቆሞ "ምን አበላሸሽ?" አለ።
"ምንም" አልኩት። "ጠየቅኩ እንጂ።"

ለነገሩ ሩቢ ዕንቁ ናት፤ ቀለሟም ቀይ ነው፤
ያን ሁሉ ወር አረንጓዴ ሆና ስትከርም
መጠርጠር ነበረብን።