ዘጠኝ ለባዶ

ጋሽ ሙጨ ድምፅ ማጉያውን አፉ ላይ ደፍቶ
(ባትሪው ሊሞት ነው፣ እሱ ግን በርትቶ)
ለያንዳንዷ ጎል አዲስ ቃል ያወጣል፤
ያንዱን ሳላላምጥ ሌላው ይመጣል።

ጳጉሜ ሦስት ነበር፣ ሩፋኤል። ዝናቡ ጸበል ነው ብለው
ልጆች ራቁታቸውን ከአዘዞ ሜዳ ዳር ይዘላሉ።
እኔ የቀሃ ኢየሱስ ሰፈር በረኛ፣ ጓንቴ የውሰት፣
ከኋላዬ የተወጠረው የጎርጎራ መረብ
ገና ዓሣ ዓሣ የሚሸት።

የመጀመሪያዋን «አስቆጠሩ» አለ፣ በጨዋ ደንብ፣
ደብዳቤ እንደሚያነብ።
ሁለተኛዋን «ደገሙ»፣
ሦስተኛዋን «ሠለሱ»፤
እስከዚህ ድረስ ቋንቋው የቄስ ትምህርት ቤት ነው።
ጉዱ የመጣው ከዚህ ወዲያ፣
እጅጌውን ሲሰበስብ ሰውዬው።

አራተኛዋን ካንጥረኛ ተዋሰ፦ «ቀጠቀጧቸው!»
አምስተኛዋን ካውድማ፦ «ወቋቸው!»
ስድስተኛዋን ከወንዝ ዳር፣ ከልብስ አጣቢ፦
«አጥበው፣ ጨምቀው አሰጧቸው!»
ሰባተኛዋን ከወፍጮ ቤት፣
ስምንተኛዋን ከጦር ግንባር፦ «ድባቅ መቷቸው!»
እኔ ደግሞ በየመሃሉ ጎንበስ፣
ኳሷን ከመረቡ ፈልቅቄ፣
ጭቃዋን በማልያዬ ጠርጌ
ወደ መሃል ልመልስ።

ብረት ሆንኩ፣ ጤፍ ሆንኩ፣ የታጠበ ነጠላም ሆንኩት፤
ባንድ ከሰዓት ስንቱን ሆንኩት!
«ልጅ» የሚል ቃል ብቻ ጠፋ፤
ከጋሽ ሙጨ አፍ ጠበቅሁት፣ ጠበቅሁት።

ዘጠነኛዋ ስትገባ ባትሪው ሞተ።
ቃል አልነበራትም።
ዝናቡን ብቻ ሰማሁ።

ላሸናፊው ይህ ሁሉ ቃል፤ ለኛስ?
ከአዘዞ በእግራችን ስንመለስ
ቆጠርኩት፦ «ጭቃው ነው»፣ «ዳኛው ነው»፣
አሠልጣኛችን መምህር ተገኘ ደግሞ «ልምድ ነው»።
ሦስት ቃል።
ሦስቱም ማራኪ ሳንደርስ አለቁ።

ከዚያ ወዲህ ስሜ «ዘጠኝ» ሆነ።
ፀጉር አስተካካዩ ወንበሩን እያራገፈ፣
«ዘጠኝ፣ ና፣ ተራህ ደረሰ»።
አራዳ ገበያ ልብስ ሰፊው አላምረው
መርፌውን ክር እያጎረሰ፣
«በረኛ አትበሉት፣ በር ነው፤
ያውም መዝጊያ የሌለው!»
ሳቅሁ። ምን ላድርግ፣ አሳመረው።

ከዘጠኙ አምስቱን ያገባ ባዘዘው ነው፣ በግራ እግሩ።
ስድስተኛዋን ቆይቶ፣ በጥር፣ ሦስት ሽማግሌ ልኮ፦
እህቴን የሻረግን አገባ።
ጋሽ ሙጨ አዲስ ባትሪ ገዝቶ
ሠርጉ ላይ «አገባአአ!» ብሎ ቢጮህ
ዳሱ ሊፈርስ ነበር በሳቅ፤
እኔም እዚያው በር ላይ ነበርኩ፣ እንግዳ ሳስገባ።

ባዘዘው ግን ከነዚያ ቃላት አንዷን እንኳ ባፉ አያዞርም።
በሌላ ዓመት፣ በሩፋኤል ዋዜማ፣
የእናቴን ጣሪያ ቆርቆሮ ስንመታ፣
«ያን ቀን ምን አደረጋችሁን?» አልኩት፣
ምስማር በጥርሴ እንደያዝኩ።
ጥቂት አሰበ።
«ተጫወትን» አለ።
ሁለት ምስማር መትቶ ደግሞ፦
«ዘጠነኛዋን ነክተሃታል፣
በመሃል ጣትህ ጫፍ።
አቅጣጫ ቀይራ ነው የገባች። አይቻለሁ።»

እኔ ለራሴ እንኳ አልነገርኩም ነበር።
ጣቴን አየሁት፤ ዝገት ነክቶታል።
ዘጠኝ ገብተውብኝ አንዷ ሳትገባኝ ኖሬ
ይህቺ ገባችኝ፣ ከጣሪያ ላይ ሆኜ፣ ዛሬ።

የጎርጎራው ዓሣ አስጋሪ መረቡን መልሶ ወስዷል፣
ቀዳዳውን ቆጥሮ፣ ሁላችንንም ተሳድቦ።
ቆርቆሮው ክረምት በመጣ ቁጥር ያፈሳል፣
ባዘዘው በመታው በኩል።
በእኔ በኩል ግን፣ እስካሁን፣
አንድም ጠብታ አልገባ።